የድሮውን አውሮፕላን ሜዳ አትሸንሽኑት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ባለፈው ጥር ለለቅሶ ወደ አንዲት የደቡብ ምዕራብ ከተማ ሄጄ ነበር። ያረፉት ሽማግሌ የከተማዋ አውሮፕላን ሜዳ ዘበኛ የነበሩ ናቸው። የሥጋ ዝምድና የለንም። እኔ አብራሪ ሆኜ ከላይ እየመጣሁ፣ እሳቸው ከታች እየጠበቁ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተዋውቀናል፤ በእኛ ሥራ ደግሞ ይህ ቀላል ዝምድና አይደለም። ከሰልስቱ በኋላ ልጃቸውን «እስቲ ሜዳውን ልየው» አልኩት፤ ይዞኝ ሄደ። ሣሩ ላይ በየሃያ እርምጃው ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተተክሏል። ለቤት ማኅበራት ሊሸነሸን እንደሆነ ልጁ ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድ ሰንብቼ ይኸው ዛሬ ላክሁት።

የከተማዋን ስም አልጠቅስም። ማንንም ለመክሰስ አልተነሳሁም፤ ነገሩም የአንዲት ከተማ ብቻ አይደለም። እኔ በወጣትነቴ ያረፍኩባቸው የሣርና የአፈር ሜዳዎች ብዙዎቹ እንዲሁ እየሆኑ እንደሆነ ከየአካባቢው ሰው እሰማለሁ። አንዱ ላይ ገበያ ቆሟል፣ ሌላው ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሏል፣ ሌላው መሐሉን መንገድ አቋርጦታል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። እነዚህን ሜዳዎች ሙሉ በሙሉ አታጥፏቸው። ለምን እንደምል ለማስረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ አንባቢዎች ይታገሱኝ።

እኔ ዕድሜዬ ከሰባ አምስት ያለፈ ጡረተኛ አብራሪ ነኝ። በ1967 ዓ.ም. ረዳት አብራሪ ሆኜ የተቀመጥኩት በዳኮታ ላይ ነበር። ከዚያ በካፒቴንነት ዳኮታና ትዊን ኦተር፣ በኋላም ቦይንግ 727፣ 757 እና 767 አብርሬ በስልሳ ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ ትልልቆቹ ነው፤ ፍራንክፈርት፣ ለንደን፣ ሮም። በሕልሜ የማየው ግን ማጂን፣ ቱምን፣ ዋካን፣ ጎሬን፣ ደምቢዶሎን ነው። በሰሜን ሞጣንና መካነ ሰላምን፣ በምሥራቅ ቀላፎንና ዋርዴርን። እነዚህ ሁሉ በዚያ ዘመን የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያርፍባቸው ቦታዎች እንደነበሩ የዛሬ ልጆች ሲሰሙ ይገረማሉ።

አየር መንገዳችን ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የተነሳው ከአሜሪካ ጦር የተረፉ አምስት ሲ 47 አውሮፕላኖችን ይዞ ነው። ዳኮታ የምንለው ያንን ነው። መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ በአስመራ አድርጎ ካይሮ ሄደ፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ የማይነገረው ዳኮታ በአገር ውስጥ የሠራው ሥራ ነው። መንገድ ባልነበረበት ጊዜ፣ ቢኖርም ክረምት ሲገባ በሚቆረጥበት ጊዜ፣ ሳምንት የሚፈጀውን የበቅሎና የጭነት መኪና ጉዞ ወደ አንድ ሰዓት ከግማሽ ያሳጠረው እሱ ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበም በአዛዥነት የበረሩት በዳኮታ ነበር። እኛ ሁላችን ከዚያ በኋላ የመጣን ነን።

አሁን ወደዚያች ከተማ ሜዳ ልመለስ። ሜዳው በአንድ ሸንተረር ጀርባ ላይ የተቀመጠ ነው። የምዕራቡ ጫፍ ገደል፣ የምሥራቁ ጫፍ ዳገት። ስለዚህ ነፋሱ እጅግ ካልከፋ በስተቀር ስናርፍ ወደ ዳገቱ፣ ስንነሳ ወደ ገደሉ ነው። ዳገቱ ፍሬን ይሆንልናል፣ ቁልቁለቱ ፍጥነት ይጨምርልናል። አስፋልት የለ፣ መብራት የለ፣ አቅጣጫ ነጋሪ የሬዲዮ ጣቢያ የለ። የነበሩት እኚያ ዘበኛ ናቸው።

ገና የሞተራችንን ድምፅ ሲሰሙ እርጥብ ቅጠል ያነዱና ጭሱን ያስነሳሉ። ከላይ ሆነን የምናየው ያንን ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደግ ነው፤ መሬት ለመሬት ከተጋደመ ነፋሱ ከየት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚገፋ እናውቃለን። ከዚያ ዝቅ ብለን ሜዳውን አንድ ጊዜ በላዩ እናልፋለን። ይህ ለከብቶቹ ነው። እሳቸው ጅራፋቸውን ይዘው በአንድ ወገን፣ ልጆቻቸው በሌላ ወገን ከብቱን ጠርገው ያወጣሉ። ላሞቹ በጊዜ ለምደውት ነበር፤ ድምፁን ሲሰሙ አብዛኞቹ ራሳቸው ይወጡ ነበር። የሚያስቸግሩት አህዮች ናቸው። አህያ መሐል ሜዳ ላይ ቆማ አውሮፕላን ስትመጣባት ታያለች እንጂ ንቅንቅ አትልም። ሁለት ጊዜ በአህያ ምክንያት ሞተሩን ገፍቼ ተመልሼ ተነስቻለሁ።

ሌላው የእሳቸው ሥራ ድንጋዮቹ ነበሩ። በሜዳው ዳርና ዳር በየመቶ ሜትሩ ኖራ የተቀባ ድንጋይ አለ። ልክ በግማሹ ላይ ያለው ትልቁ ነው፤ እኛ «ግማሽ ድንጋይ» ነበር የምንለው። ስንነሳ ግማሽ ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ለመነሳት ከሚያስፈልገን ፍጥነት ሰባ በመቶውን ካልያዝን ቆመን እንመለሳለን። ክርክር የለውም። ያሠለጠኑኝ ካፒቴን ይህን ሲያስተምሩኝ «ድንጋዩን የምታየው ሐሳብህን ለመለወጥ ነው እንጂ ለመመኘት አይደለም» አሉኝ። እኚያ ዘበኛ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ለመስቀል፣ ድንጋዮቹን እንደገና ኖራ ይቀቡ ነበር። ኖራው ሲያልቅባቸው በሬዲዮ ያስነግሩንና ከጅማ ገዝተን እናመጣላቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። በ2300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ የሚደገፍበት፣ ፕሮፔለሩ የሚቆርጠው፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ሁሉም አብሮ ይቀንሳል። የፍጥነት መለኪያው 80 ቢያሳይም መሬቱ ከሥርህ በ90 ያልፋል። ፀሐይ ስትወጣና መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። ስለዚህ ዳገታማውን ሜዳ በጠዋት ጨርሰን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደመናው በተራራው ላይ ይቆለላል።

የዋሽንግተን ነዋሪ አንባቢዎቻችሁ ይህን በሌላ መንገድ ያውቁታል። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ቀጥታ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ይወርዳሉ። ብዙ ሰው ነፋሱ ነው ይላል። ነፋሱም ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን ቦሌ ራሱ ከ2300 ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከዚያ ስስ አየር መነሳት ለታላቁ አውሮፕላንም ከባድ ነው። በ1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ ያለ ማረፍ ከ13 ሰዓት በላይ በርሮ ቦሌ ሲገባ በሁለት ሞተር አውሮፕላን ታሪክ ትልቅ ርቀት ነበር። የተነሳው ከዝቅተኛው አገር ወደ ከፍተኛው መሆኑን ልብ ይበሉ። እኔም ኋላ በ757 እና በ767 ከቦሌ ስነሳ ዓይኔ ግማሽ ድንጋዩን ይፈልግ ነበር። ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን አስልቶ ይሰጠኛል፣ ረዳቴ ጮክ ብሎ ይጠራልኛል፤ የእኔ ዓይን ግን ከመስታወቱ ውጭ ያንን ነጭ ነገር ይፈልጋል።

ስለ ጭነቱም ልናገር። በዳኮታ ሆድ ውስጥ ያልገባ ነገር አልነበረም። የመምህራን ደመወዝ በብረት ሣጥን፣ የፈተና ወረቀት በታሸገ ጆንያ፣ የክትባት መድኃኒት በበረዶ፣ ቡና፣ ማር በእንስራ፣ የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ፣ ጨው፣ የልብስ ስፌት መኪና። ሬሣም ጭነናል። እያንዳንዱ ጆንያ ሲጫን ሚዛኑ አጠገብ እቆም ነበር። ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ «ካፒቴን፣ ይቺ ብቻ ትግባ» ሲል እምቢ ማለት ከሥራው ሁሉ ይከብደኝ ነበር። ሃያ ኪሎ ቅቤ ለአንድ እናት የዓመት ልፋቷ ነው። ለእኔ ደግሞ ያቺ ሃያ ኪሎ ከገደሉ ጫፍ በፊት መነሳትና አለመነሳት ልትሆን ትችላለች።

ጋዜጣም እንጭን ነበር። ይህን ለእናንተ ብዬ የጨመርኩት አይደለም። በገመድ የታሰረ የጋዜጣ ጥቅል ከመቀመጫችን ኋላ ይቀመጣል። ስናርፍ ከቅቤውም ከመድኃኒቱም በፊት የሚጠየቀው እሱ ነበር። የሳምንቱ ጋዜጣ ነው፣ አንዳንዴም የሁለት ሳምንት። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ክንፉ ጥላ ሥር ቆመው የመጀመሪያውን ገጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ፣ ሰው ከብቦ ሲያዳምጥ፣ እኔ ዘይት እየለካሁ አዳምጬ አውቃለሁ። የጋዜጣ ደብዳቤ ለመጻፍ የምደፍረው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጋዜጣ ሰው ክብ ሠርቶ የሚያዳምጠው ነገር ስለሚመስለኝ ነው።

ትልቁን አውሮፕላን አላጣጥልም። የእንጀራዬን ግማሽ የበላሁበት ነው፤ በሥርዓቱም እኮራለሁ። በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር የሚባለው የበረራ ማስመሰያ ውስጥ ገብተን ሞተር ሲጠፋ፣ እሳት ሲነሳ፣ ምን እንደምናደርግ እንፈተን ነበር። ሌሊት በሱዳንና በግብፅ ላይ ስናልፍ የዓባይ ዳር መብራት እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶ ለሁለት ሰዓት ያህል ከሥራችን ይታያል። ያንን ስመለከት ውኃው እኔ በጠዋት ከማውቀው ገደል መምጣቱን አስባለሁ። ግን መንገደኛውን አላውቀውም። በዳኮታ የአብራሪው ክፍል በር ክፍት ነበር፤ ሽማግሌዎች ብቅ ብለው «ያ የእኛ ወንዝ ነው» እያሉ በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር። አንዳንዴም ልክ ነበሩ፤ ካርታው ነበር የተሳሳተው። በፈረንጆቹ 2001 በአሜሪካ ከደረሰው የአውሮፕላን ጥቃት በኋላ የትልልቆቹ በር በብረት ተዘጋ። ወደ ቤይሩትና ወደ ጅዳ ለሥራ የሚሄዱ ልጆች፣ ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የተሳፈሩ፣ ከኋላዬ ተቀምጠው ሲያለቅሱ የምሰማው ከአስተናጋጆቹ ነበር። እንደዚያ በሆነ ጊዜ በድምፅ ማጉያው በእንግሊዝኛና በአማርኛ የሚባለውን ብዬ ስጨርስ በአማርኛ ትንሽ እጨምር ነበር። ከታች ያለው ከተማ የቱ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደቀረን፣ ክንፉ ሲወዛወዝ እንዳይፈሩ። ይህን የለመድኩት ከዳኮታ ነው።

አሁን ወደዚህ ደብዳቤ ምክንያት ልምጣ።

ከእነዚያ ዓመታት በአንዱ ሐምሌ ወር በትዊን ኦተር ከጅማ ተነስተን ወደዚያችው ከተማ እንሄድ ነበር። ትዊን ኦተር እንዲህ ላለ ሜዳ የተፈጠረ አውሮፕላን ነው፤ ጎማው ጠንካራ፣ ክንፉ ሰፊ፣ ሲያርፍ ፕሮፔለሮቹን ገልብጦ ራሱን በአጭር ርቀት የሚያቆም። አሥራ አንድ መንገደኛ ይዘናል። ልንደርስ ሃያ ደቂቃ ሲቀረን የከተማዋ ሬዲዮ ሠራተኛ ጠራን። ከጤና ጣቢያ መልእክት አለ። አንዲት እናት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፣ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተቆርጧል፣ ይዛችሁልን ትሄዳላችሁ ወይ? አዎ አልን። ከኋላ ሁለት መቀመጫ አንስተን ቃሬዛ እንደምናስገባ ከረዳቴ ጋር ተነጋገርን።

ስንደርስ ሸንተረሩ በደመና ተሸፍኗል። ወደ ሸለቆው ወርደን በሥሩ ለመግባት ሞከርን፤ አልሆነም። ከሰሜን ዞረን ሞከርን። የሬዲዮ ሠራተኛው «ዘበኛው እሳት አንድደዋል፣ ጭሱ ይታያችኋል?» ይለናል። ነጭ ብቻ ነው የምናየው። በሦስተኛው ዝቅ ስንል ጭሱን አላየነውም፤ ሸተተን። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ወደ ውስጥ ገባ። ያን ያህል ቅርብ ነበርን። ረዳቴ ፊቴን አየኝ። ነዳጁ ወደ ጅማ ለመመለስና ለመጠባበቂያ የሚበቃው ልክ ላይ ደርሷል። ሞተሩን ገፍቼ ወጣሁና ተመለስን።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ሰማዩ እንደ ታጠበ ነበር። ገና ሞተር ሳናጠፋ ዘበኛው ወደ እኔ መስኮት መጡ። ሁልጊዜ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ነበር የሚቀበሉን፤ ያን ቀን አላነሱም። «ሌሊት አርፋለች» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «ድምፃችሁን ሰምታለች፣ መጡልኝ ብላ ነበር» አሉ።

ውሳኔዬ ትክክል ነበር። ዛሬም ያ ደመና ከፊቴ ቢቆም፣ አሥራ አንድ ሰው ከኋላዬ ቢቀመጥ፣ ያንኑ አደርጋለሁ። ይህን ማወቄ ግን ያንን የዘበኛውን ቃል አላቀለለልኝም። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ሜዳው ነበረ፣ ሰማዩ ነበር የሚዘጋብን። ዛሬ ሰማዩ ተከፍቷል። ከሳተላይት የሚመጣ የደመና ሥዕል በእጅ ስልክ ይታያል፤ ጂፒኤሱ አብራሪውን ከሜዳው ጫፍ ጥቂት ሜትር ሳይስት ያደርሰዋል፤ የአየር ትንበያው እኛ ያላየነው ዓይነት ነው። ደመናው መቼ እንደሚገለጥ አውቆ ለመነሳት የሚቻልበት ዘመን መጥቷል። ይህ ሁሉ በእጃችን ሲገባ ሜዳውን እኛው በችካል እንዝጋው?

የሚነሱትን መልሶች አውቃቸዋለሁ። አስፋልት ገብቷል ይባላል። እውነት ነው፤ ስለ መንገዱም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ የእኛን በረራ ያስቀረው መንገዱ ነው፣ መቅረቱም ተገቢ ነበር። ግን መንገድ ይናዳል፣ ድልድይ ይወሰዳል፤ በቅርብ ዓመታት ያየነው ሌላም መንገድ የሚዘጋ ነገር አለ። ሄሊኮፕተር አለ ይባላል። ሄሊኮፕተር በስስ አየር ላይ ቆሞ ለመንሳፈፍ ከማንም በላይ ይቸገራል፣ የሰዓት ወጪውም ከአንድ ትንሽ አውሮፕላን እጅግ ይበልጣል፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። በ1977ቱ ድርቅ እህል ወደ ሰሜን ያደረሱት ትልልቅ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት አፈር ሜዳ ባለበት አርፈው አራገፉ፤ ሜዳ በሌለበት ዝቅ ብለው በርረው ከአየር ላይ ጣሉ። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሲመጣም ረጪ አውሮፕላን ለመንጋው የቀረበ መነሻ ሜዳ ማግኘት ነበረበት። አንበጣ አይጠብቅም።

ሌላም አለ። አብራሪ ሲቸገር የሚፈልገው ደልዳላ መሬት ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳው ቦይንግ 737 እርግቦች በሁለቱም ሞተሮቹ ገብተውበት በሜዳ ላይ በሆዱ ለማረፍ ተገደደ፤ 35 ወገኖቻችን አረፉ፣ የተረፉት ግን ከሞቱት ይበልጣሉ። ያን ዕለት የሰማን አብራሪዎች ሁሉ በየምንበርበት መንገድ ላይ የትኛው ሜዳ ከየትኛው ተራራ ጀርባ እንዳለ በልባችን እንደገና ቆጠርን። የድሮ ሜዳዎቹን ነበር የቆጠርነው።

የቤት ችግሩንም አውቃለሁ። የዘበኛው ልጅ ራሱ ሦስት ልጆች ይዞ የሚኖረው በኪራይ ነው፤ ከማኅበራቱ በአንዱ ተመዝግቧል። «አባቴ ሜዳውን ጠበቀ፣ እኔ ደግሞ ቤት እፈልጋለሁ፤ ምን ላድርግ ጋሼ?» ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ። ስለዚህ የምለው ሁሉን አስቀሩት አይደለም። ለትንሽ አውሮፕላን አንድ ሺህ ሜትር ርዝመት በስልሳ ሜትር ስፋት ይበቃል። ይህ 6 ሄክታር ነው። እኔ የማውቀው የድሮው ክልል ከዚያ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ዳር ዳሩ ለቤት ይሁን፤ መሐሉ ይቅር። ባዶ ይቀመጥም አላልኩም። ከብት ይጋጥበት፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት፣ ጥምቀት ይከበርበት፣ የፈረስ ጉግስ ይሁንበት። ጉድጓድ አይቆፈርበት፣ አጥር አይቁምበት፣ ብቻ።

ባሕር ዛፍም በጫፎቹ አይተከል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። አውሮፕላን ሲያርፍም ሲነሳም በዝግታ ነው ከፍታ የሚቀንሰውና የሚጨምረው። በአንድ ለሃያ ስሌት፣ ማለትም ለአንድ ሜትር ከፍታ ሃያ ሜትር ርቀት ብለን ከያዝነው፣ 15 ሜትር የደረሰ ባሕር ዛፍ 300 ሜትር ሜዳ ይበላል። አንድ ሺህ የነበረው ሰባት መቶ ይሆናል፤ መሬቱ ግን ሲያዩት እንደነበረ ነው። ከዚያች ከተማ ሜዳ በምሥራቁ ጫፍ የተተከለው ገና ከወገቤ አላለፈም። አሁን ማንሳት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከልጁ ጋር ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግር ለካነው። እኔ ቀስ ብዬ ስለምሄድ ረጅም ጊዜ ወሰደብን። ግማሽ ድንጋዩ በቦታው አለ፤ ሣር ውጦታል እንጂ አልተነሳም። በእጄ ሣሩን ስገልጥ ከሥር በኩል ኖራው አሁንም እንደ ቅርፊት ተጣብቆበታል። ችካሉ ከድንጋዩ አንድ ክንድ እንኳን አይርቅም። ልጁ «አባቴ እስከ ዘንድሮ መስቀል ድረስ ይቀባው ነበር» አለኝ። በረራ ከቆመ ስንት ዓመት እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት።

ከመመለሴ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። የተቀበለችኝ ወጣት በትሕትና ነው ያስተናገደችኝ፤ እሷም አውሮፕላን እዚያ ያርፍ እንደነበር አልሰማችም ነበር። የበረራ መዝገቤ በእጄ ነው። ካረፍኩባቸው የሣርና የአፈር ሜዳዎች የ43ቱን ስም፣ የሜዳውን አቅጣጫ፣ ርዝመቱንና ከባሕር ጠለል ያለውን ከፍታ፣ በየትኛው ወር እንደሚጨቀይና ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ጭምር በአንድ ወረቀት ላይ አውጥቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የጋዜጣው ቦታ ከፈቀደ አትሙት። ካልፈቀደ ለሚጠይቃችሁ የከተማ መሐንዲስ ወይም ቀያሽ ስጡልኝ፤ ሄዶ ማሳየት ካስፈለገም ጉልበቴ ገና ይችላል።

ከአክብሮት ጋር

አንድ ጡረተኛ አብራሪ
ከአዲስ አበባ